ለእንግዳ የተከፈተ ዕቃ ቤት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ጠዋት ውኃ ቀዳሁ። ከዚያ አውድማ ላይ ገብስ ስናበራይ ዋልን። ዐይኔ ውስጥ እብቅ ገብቶ እስካሁን ይቆረቁረኛል...

ወደ ማታ አባባ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ከመካነ ኢየሱስ ተማሪዎች ሊመጡ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት የብራና መጻሕፍት ሊያዩ። ስምንት ወንድ፣ አራት ሴት።

"ሴቶቹም ይገባሉ?" አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

"የመንግሥት ደብዳቤ ነው" አሉ አባባ።

ዕቃ ቤቱ ከቤታችን ቢጣሩ ያሰማል። ቁልፉ የሚያድረው አባባ ራስጌ ነው። እኔ ግን አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ከጎጃም፣ ከወሎ መሪጌቶች ድጓቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ በእጃቸው የጻፉትን ከእኛው ከቤተ ልሔም ደብር ድጓ ጋር መስመር በመስመር ሊያስተያዩ። ወር የሚቀመጡም አሉ። ምግብ የማመላልስላቸው እኔ ነኝ... እስከ በሩ። "ሴት ልጅ አትገባም፣ ደንብ ነው" ይሉኛል አባባ። ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል ብዬ አሥራ አምስት ዓመት ኖርኩ። አሁን ደንቡ የት ሄደ?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

እማዬ ለእንግዶቹ ግድግዳ ስትመርግ ጭቃ ሳቀብላት ዋልኩ። "ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?" አለችኝ። ፀሐይ ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

መጡ። መምህራቸው መምህር እንየው በየቤቱ ደለደሏቸው፤ እኛ ቤት የደረሰችን ቦጋለች የምትባል ናት። እድሜዋ የኔው ነው። ሰባተኛ ክፍል ናት። እኔ አራተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ሰማያዊ የተማሪ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ስትናገር ሰው አታፍርም። አባባን ቀጥ ብላ እያየች "ስንት መጽሐፍ አለ፣ አባ?" አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁ! እኔ እንዲያ ብጠይቅ...

እግሯን ያጠብኳት እኔ ነኝ። እንግዳ ነች፣ ደንብ ነው። ይሄኛው ደንብ አልተሻረም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬ ገቡ። መጽሐፍ የሚነካ ሁሉ እጁን ይታጠባል፤ በሩ ላይ ቆሜ አስታጠብኳቸው። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ከውጭ የአባባ ድምፅ ይሰማኛል። ቃሉ አይለይም። አንድ ጊዜ ብቻ "አየሽ ልጄ" ሲሉ ሰማሁ። ለማን ይሆን?

ማታ ቦጋለች መደብ ላይ ተቀምጣ፣ "ቀዩ ቀለም ገና ትናንት የተጻፈ እኮ ነው የሚመስለው! አንቺማ ስንት ጊዜ አይተሽዋል። ታድለሽ!" አለችኝ።

"ብዙ ጊዜ" አልኩ።

ለምን ዋሸሁ? ነገ ደግሞ በየተራ እያገለጡ እንዲያነቡ ይፈቀድላቸዋል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ሊነጋ ሲል ቦጋለች ቀሰቀሰችኝ። "ጨርቅ አለሽ?" አለች በሹክሹክታ። የወር አበባዋ መጥቶባታል። ሰጠኋት። ማልቀስ ጀመረች።

"በዚህ ሁኔታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይረገጥም። ለመምህር እንየው ምን ልበል? ወንዶቹ ከሰሙ አለቀልኝ!"

እውነቱን ልጻፍ? ደስ አለኝ። እሰይ አልኩ በሆዴ። ከዚያ "ሸሚዝሽን ስጪኝ" አልኳት። እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት?

ቤቱ ለንባብ ጠባብ ስለሆነ ዛሬ የሚገቡት አራት አራት ሆነው ነው፤ ሴቶቹ መጨረሻ። መምህር እንየው ወንዶቹን ይዘው የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕል ሊያሳዩ ሄደዋል። እኔ በቦጋለች ሸሚዝ፣ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ከሦስቱ ልጆች ኋላ ቆምኩ። ልጆቹ ሳቅ ሊገድላቸው ነው። አባባ ደጃፉ ላይ ወረቀት ይዘው ስም ይጠራሉ።

"ቦጋለች አጥናፉ!"

"አቤት።"

አባባ ቀና አሉ። እኔን አዩ። ወረቀቱን አዩ። መሬቱ በዋጠኝ አልኩ።

"ታጥበሻል?"

"ታጥቤያለሁ።"

"ግቢ።"

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ቆዳ ቆዳ ይሸታል። መጻሕፍቱ በየማኅደራቸው ሆነው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ልክ እንደ ስልቻ። ድጓውን አትሮንሱ ላይ ዘረጉት። ተራዬ ሲደርስ ፊደሉ ተንቀጠቀጠብኝ... ግን አነበብኩ። አንድ መስመር ሙሉ። አባባ ጣቴን ይዘው ከፊደሉ በላይ አስኬዱት።

"አየሽ ልጄ፣ እነዚህ ከላይ ያሉት ጥቃቅኖች የዜማው ምልክት ናቸው። ሰው ዐይኑ ፊደሉ ላይ ይውላል። ዜማውን የያዙት ግን እነዚህ ናቸው።"

ድምፃቸው እንዴት ለሰለሰ! ቤት ውስጥ "ስንዱ እንጨት! ስንዱ ውኃ!" ነው። ልጄ ያሉት ማንን ነው? የተጠራችው ቦጋለች ናት። ሸሚዟን ለብሼ፣ ቦታዋ ላይ ቆሜ፣ መልሼ በሷው ቀናሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ሄዱ። ቦጋለች እስከ ወንዙ ድረስ እጄን ይዛ "እንዴት ነበር? ምን አሏችሁ? ንገሪኝ እንጂ" ስትለኝ ነበር።

"ያው ቅዳሜ ያየሽው ነው" አልኳት።

ክፉ ነኝ። ግን እሷ ስንት ነገር አላት። ይቺን ብቻ ለራሴ ላስቀራት።

አባባ ምንም አላሉኝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ዛሬም ዝም። ዱላ ይሻል ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የተበጠሰ የማኅደር ማንገቻ ይሰፋሉ። ውኃ አምጪ አሉኝ። ሰጥቼ ልሄድ ስል፣

"ያቺ ቦጋለች..." አሉ ከመርፌው ቀና ሳይሉ።

"የትኛዋ?"

"የእሑዷ። ደህና ታነባለች። ስንተኛ ናት?"

"አራተኛ... ላይ አቆመች።"

"አባቷ ምነው ዕቃ ቤት አስገብቶ አያሳያትም ነበር?"

"ደንብ ነው ይላታል።"

መርፌው ቆመ።

"እሱንም አባቱ እንዲያ ብሎት ነው" አሉ። "የት እንደተጻፈ ግን ጠይቆ አያውቅም።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "ቅዳሜ መሪጌታ አስናቀ ከወገዳ ድጓቸውን ሊያስተያዩ ይመጣሉ። ዐይናቸው ደክሟል። አንዱን እሳቸው ሲይዙ ሌላውን የሚያነብላቸው ያሻል። ንገሪያት።"

"አባባ... ስሟ እኮ ቦጋለች አይደለም።"

"አውቃለሁ። ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ።"

ሮጬ ጓዳ ገባሁ። እማዬ "ማን ሞተ?" ብላ ደነገጠች።

ገና ሐሙስ ነው። ቦጋለች ይህን ብትሰማ ትቀና ይሆን?

ትቅና።