መቶ እንቁላል ለግንቡ አያት

አዩታያ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 9

ለማልጠግብሽ እህቴ ለዋንዲ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እዚያ ታይዋን፣ ታይቹንግ ብርዱ ጀመረ ወይ? ያቺ የምታስታምሚያት አሮጊት አሁንም ሾርባው ጨው በዛበት እያለች ቁም ስቅልሽን ታሳይሻለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ድመትሽም ደህና ናት፣ ወፍራ በር አልበቃት ብሏል። ለጎረቤት አደራ ሰጥቻት ነው የመጣሁት።

አዎ፣ የመጣሁት። ከላይ የከተማውን ስም አይተሽ "እትዬ ደግሞ አዩታያ ምን ልትሠራ ሄደች?" ሳትዪ አልቀረሽም። እማማ ፕራኖም ሆቴል ነኝ። ያ ወንዙ ዳር ያለው አረንጓዴ የእንጨት ቤት፣ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ልትፈተኚ ከአገራችን ከፒቺት የመጣን ጊዜ አብረን ያደርንበት። ክፍሉም ያው አምስት ቁጥር ነው። ፍራሹ ከድሮው ሳስቷል፣ ማራገቢያው አንገቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና እዚያው ረስቶት ይቀራል፣ ከመስታወቱ ጀርባ አንድ እንሽላሊት አለ፣ ኪራይ የሚከፍል ይመስል ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ዘንድሮ ወንዙ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ወጥቷል። ፈረንጆቹ ፎጣ ብቻ አገልድመው ለመታጠቢያው ወረፋ ይይዛሉ፤ እማማ ፕራኖም "ኧረ እናንተ ልጆች ልብስ ልበሱ!" ብላ ስትቆጣቸው ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ ይሉላታል። ሰባ ዓመት ሞልቷታል፤ ድምፅዋ ግን ንክች አላለም።

ያመጣኝ ባለፈው እሑድ በስልክ የነገርሽኝ ነው። የአስታማሚነት ማረጋገጫ ፈተናሽ በ19 እንደሆነ፣ ይህን ካለፍሽ ከዚያ ቤት ወጥተሽ ሆስፒታል እንደምትቀጠሪ ነገርሽኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ተኝቼ ይረፍድብኛል ብለሽ ስለፈራሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይንሽ እንዳልተከደነ፣ ሦስት የደወል ሰዓት እንደገዛሽ፣ አንደኛውን ቆርቆሮ ውስጥ እንዳስቀመጥሽው አወራሽኝ። "እትዬ መቼም ታውቂኛለሽ፣ የእኔ እንቅልፍ ሞት ነው" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን በዚህ ሁኔታሽ ፈተናው ላይ ደርሰሽም ወንበር ላይ እንደምትተኚ ይታየኝ ጀመር።

ዋንዲዬ፣ የደበቅኩሽ ነገር አለ። እንዲያውም ሁለት ነው። በቅደም ተከተሉ ልንገርሽ፤ ከሁለተኛው ከጀመርኩ ድፍረቱ ያልቅብኛል።

ያን ጊዜ በፈተናው ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አንቺ ተኝተሽ እኔ ወጣሁ። በመንደሩ መጨረሻ፣ ከፈረሰው የጥንት ግንብ ሥር፣ የግንቡ አያት የሚሏቸው መንፈስ መቀመጫ አለ። ተንበርክኬ ተሳልኩ። "እህቴ ይህን ፈተና ካላለፈች መቶ የተቀቀለ እንቁላል አመጣልዎታለሁ" አልኩ። በደንብ አንብቢው። እንዳታልፊ ነው የተሳልኩት።

ምክንያቴን ልንገርሽ፤ ይቅር እንድትዪኝ ሳይሆን እንድታውቂው ነው። እናታችን ስትሞት አንቺ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ እኔ ሃያ። ጸጉርሽን አበጥሬ፣ ዩኒፎርምሽን ሰፍቼ፣ ያንን ላግባሽ ያለኝን በያጁን ሶምኪያትን እንኳ "እህቴ ገና ትንሽ ናት" ብዬ መልሼ ነው ያሳደግኩሽ። ፈተናውን ካለፍሽ ባንኮክ አራት ዓመት ትማሪያለሽ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ባል። እኔ ከአንድ የልብስ ስፌት መኪና ጋር ልቀር ነው። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም።

አላለፍሽም። እኔም ስለቴን አላስገባሁም፤ ለእንዲህ ያለ ነገር እንቁላል ተሸክሜ ልሂድ እንዴ? በዓመቱ አንቺ ታይዋን ፋብሪካ ተቀጠርኩ ብለሽ ሄድሽ። ባንኮክ በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ላስቀርሽ ብዬ ባሕር አሻገርኩሽ።

ስለዚህ እሑድ ዕለት እንዲህ አሰብኩ፦ ያልተከፈለው ስለት ነው አንገትሽ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ የነሳሽ። ከ19 በፊት ሄጄ ልክፈልና ይልቀቅሽ። ማክሰኞ እዚህ ደረስኩ።

እማማ ፕራኖምን "መቶ እንቁላል መቀቀል ፈልጌ ነበር" ስላት መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

"ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን አላነበብሽም? ክፍል ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው፤ ያን የሚሸተውን ፍሬ፣ ዱሪያን ማስገባት ክልክል ነው።"

"በእርስዎ ወጥ ቤት ነው እንጂ።"

"መቶ! ሆቴል ነው የከፈትኩት ዶሮ እርባታ?"

በረንዳው ላይ ጋሼ ቻሌርም ተጋድሞ ነበር። ጡረታ የወጣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፣ ለሦስት ቀን ብሎ መጥቶ ሁለት ቁጥርን ስድስት ዓመት ኖሮበታል። "ለግንቡ አያት ከሆነ፣ ብቻቸውን ነው የሚበሉት ወይስ እንግዳ ጠርተዋል?" አለ።

ስለት መሆኑን ስትሰማ እማማ ፕራኖም ወዲያው ሌላ ሰው ሆነች። ትልቁን የበዓል ድስት አወረደች፤ በአራት ዙር ቀቀልን። አንዲት ቀይ ጸጉር ያላት ፈረንጅ ብቅ ብላ አየችና ምን እንደሆነ በእጇ ጠየቀች፤ ጋሼ ቻሌርም "የነገ ቁርስሽ" ብሎ በምልክት ሲነግራት ደንግጣ ሄደች።

"ለማን ነው የተሳልሽው?" አለችኝ እማማ ፕራኖም።

"ለእህቴ። ለፈተናዋ።"

"ሰመረልሽ?"

"ሰምሯል" አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ከውሸት ግን የባሰ ነበር።

"እንዲህ ያለች እህት ዛሬ የት ትገኛለች!" ብላ በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትናንት ጠዋት እንቁላሉን በጋሼ ቻሌርም ብስክሌት ጭነን ሦስታችንም ሄድን። ትሪዎቹን ደረደርን፣ የዓሣ ስጎውን አጠገቡ፣ ቀዩን ለስላሳ ከነመምጠጫው አስቀመጥን፣ እጣኑን ለኮስን። እጣኑ ሲያልቅ አያቱ በልተው እንደጠገቡ መጠየቅ አለ። እንዴት እንደሚጠየቅ አልጠፋሽም፤ ሁለቱን ቀይ እንጨቶች መጣል ነው፣ አንዱ በጠፍጣፋው፣ አንዱ በክቡ ከወደቀ "በቅቶኛል፣ አንሡ" ማለታቸው ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ እምቢ ነው።

ጣልኩ። እምቢ። ደግሜ ጣልኩ። እምቢ። ሦስተኛም እምቢ።

"ጨው አንሶት ይሆን?" አለ ጋሼ ቻሌርም።

"ዝም በል አንተ። ቁጥሩ ጎድሎ እንዳይሆን" አለች እማማ ፕራኖም። ሦስታችንም ተንበርክከን ቆጠርን። ዘጠና ዘጠኝ። እማማ ፕራኖም ቀና ብላ እሱን አየችው።

"አንዷ ብቻ ናት እኮ። መንገድ ላይ ልትወድቅ ስትል አዳንኳት።"

"አፍህ ውስጥ ከተህ ነው ያዳንካት?"

ምስኪን፣ በብስክሌቱ በርሮ ሄዶ ሌላ አመጣ። መቶ ሞላ። እጣን እንደ አዲስ ለኮስን። ጣልኩ፤ ሦስት ጊዜ፤ ሦስቱም እምቢ። ፈተናሽ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት አያቱ አይቀበሉኝም! ማልቀስ ቃጣኝ፣ "ምን ልጨምርልዎት?" ብዬ ግንቡን መለመን ጀመርኩ።

እማማ ፕራኖም ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። "ልጄ፣ እኝህን አያት ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ" አለችኝ። "ክፉ አይደሉም፣ ስስታምም አይደሉም። እንዲህ እምቢ ሲሉ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሚስቱን ሐኪም ያዳነለት ባለ ጀልባ ስለት ያመጣ ጊዜ። ያልሠሩበትን አይበሉም። እስቲ አስቢው፣ ያንቺን ጉዳይ የፈጸሙት እሳቸው ናቸው?"

ዋንዲዬ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በእኝህ ምስኪን ሽማግሌ እያላከክሁ ኖሬያለሁ። እሳቸው ከግንባቸው ሥር ንቅንቅ አላሉም። የፈጸመችውን አውቃታለሁ።

እንቁላሉን ይዘን ተመለስን። እማማ ፕራኖም ለቤቱ ሰው ሁሉ በጣፋጭ ስጎ ልትሠራው አሰበች፤ ወጥ ቤት ተቀምጠን እየላጥን ሳለ ሁሉንም ነገርኳት፣ አሁን ለአንቺ የምነግርሽን። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም፣ መላጡንም አላቆመችም። ስጨርስ ጎድጓዳውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና "ታዲያ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?" አለችኝ። "ታይቹንግ ያለሁት እኔ ነኝ?"

ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ድመትሽ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ያን ቀን ከግንቡ ስመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ሰዓቱን ማታ አንቺው ለአሥራ ሁለት ሞልተሽዋል። በሆድሽ ተኝተሽ፣ የፈተና መግቢያ ካርድሽን ትራስሽ ሥር አድርገሽው ነበር። ሰዓቱን አነሣሁና ከጀርባው ያለችውን ቁልፍ ተጫንኳት። አምስት ደቂቃ ልያትና እቀሰቅሳታለሁ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሌላ አምስት ደቂቃ። ሁለት ጊዜ እጄን ወደ ትከሻሽ ዘርግቼ መለስኩት። የፈተናው በር የሚዘጋው በሁለት ሰዓት ነበር። አውቅ ነበር።

የቀሰቀሰሽ የሁለት ሰዓቱ ብሔራዊ መዝሙር ነው። ከኋላችን ካለው ትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያው ሲጀምር ብድግ ብለሽ በሌሊት ልብስሽ፣ ዓይንሽ ሳይገለጥ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለሽ ቆምሽ። ከዚያ ሰዓቱን አየሽ። "እትዬ፣ አልደወለም?" አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? "ደወለ እንጂ። አንቺው አጥፍተሽው ተመልሰሽ ተኛሽ።"

አመንሽኝ። በባቡሩ መንገድ ሁሉ ይቅርታ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ፣ "ለጉዞው ያወጣሽውን ሁሉ በከንቱ አስቀረሁት" እያልሽ። በዓመቱ እንደገና ተፈተኚ ሲሉሽ "ለራሷ ፈተና የማትነቃ ሰው በሽተኛ ልትጠብቅ?" አልሽ። ከዚያ ወዲያ ስምሽ እንቅልፋሟ ዋንዲ ሆነ። በሠርግ፣ በአዲስ ዓመት፣ ሰው በተሰበሰበበት ያን ታሪክ የማወራው እኔ ነበርኩ። ሰው ይስቃል፤ አንቺም ትስቂያለሽ። እኔ ያንን ሳቅሽን እያየሁ ሩዜን እበላ ነበር።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የደበቅኩሽ የለም።

የእኔ እመቤት፣ አንቺ ያን ፈተና አልወደቅሽም፤ እንድትፈተኚ አልተውኩሽም እንጂ። የእንቅልፍሽም ነገር ውሸት ነው። እስቲ እናታችን ከሞተች በኋላ ያለውን አስታውሺ። እስከ ሌሊት ሰፍቼ ጠዋት አልነሳ ስል ሩዝ ጥደሽ፣ ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ፣ "እትዬ፣ ነጋ፣ ደንበኛ መጥቷል" እያልሽ እግሬን የምትነቀንቂው ማን ነበረች? የስምንት ዓመቷ አንቺ። በዚያ ቤት እንቅልፋሟ እኔ ነበርኩ። አንቺ እኔ ካላጠፋሁብሽ በቀር አንድም ቀን ሳትነቂ ቀርተሽ አታውቂም።

ከፈተናው በፊት እንዳትደውዪልኝ፤ መቆጣትሽ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ስደቢኝ፣ ወይም ዝም በዪኝ፣ ሁለቱም ይገባኛል። እኔ ግን ከእሑድ ከሰዓት ጀምሮ ከስልኬ አጠገብ አልነሳም፣ ይህን ስልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ እንደው እንድታውቂው ብዬ ነው። ጋሼ ቻሌርም ይህን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ሊሄድ በር ላይ ቆሟል፣ በፈጣን መልእክት ሰኞ ይደርሳታል ብሎኛል። ሐሳቤን ሳልለውጥ እንዲወስደው ላሽገው።

የእናታችን ምርቃት ከአንቺ አይለይ። ለዚያች አሮጊት ያጠብሽው እግር፣ ያጎረስሽው ሾርባ ሁሉ በጎ ሆኖ በፊትሽ ይቅደም። እጅሽ ሳይርድ የምትጽፊበት ቀን ያድርግልሽ።

ቅዳሜ ማታ ለጥ ብለሽ ተኚ፣ ዋንዲዬ። ትነቂያለሽ።

እትዬሽ
ላምያይ