አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት መቀስ

ውድ ሚጣዬ፣

ትናንት በነርሷ ስልክ ደውለሽ ያልሽኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «አክስቴ፣ ቅዳሜ እወጣለሁ። ግን እንደ ፖሊስ የምትከታተይኝ ከሆነ ወደ ቤት አልመጣም። ለምክር ሲስተር ዘንድም ተመልሼ አልሄድም፤ የነገርኳትን ሁሉ ላንቺ አቀብላለች።» እኔም «እሺ» አልኩሽ። እሺ ያልኩት ነርሷ አጠገብሽ ቆማ ስለምትሰማ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ራሴን ጠየቅኩ። ምኑን ነው እሺ ያልኩት?

ዶክተሩም ቢሆን አላሳመነኝም። ባለፈው ልጠይቅሽ ስመጣ ኮሪደር ላይ አገኘሁትና «እንዴት ናት?» ስለው «ደህና ናት» አለኝ። «ደህና ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት። ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን እያየ ደህና ናት የሚለኝን ሰው አላምንም። መድኃኒትሽን፣ ቀጠሮሽን፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ለማን እንደምንደውል አንድ በአንድ እስኪነግረኝ ድረስ መንገድ አልለቀቅኩለትም። ሲጨርስ ፈገግ ብሎ «ፍተሻ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ስሜን እዚያ ድረስ አድርሰሽዋል ማለት ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ያን ሆስፒታል የገባሽበትን ቀን ሐሳብሽን እንዴት እንዳወቅኩ ልነግርሽ ነው። እስካሁን አልነገርኩሽም፤ አንቺም የመሰለሽን ይዘሽ ተቀምጠሻል። ወይ ቦርሳሽን በርብሬ፣ ወይ ሲስተር ምስጢርሽን አውጥታ ነግራኝ መስሎሻል። ሁለቱም አይደለም። ባታምኚኝ አልፈርድብሽም፤ መጠራጠሩን የተማርሽው ከኔ ነው።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ የክፍልሽ መጋረጃ ተዘግቶ ነበር የሚውለው። ትምህርቱን ተውሽው፣ ጓደኞችሽም መምጣት አቆሙ። በርሽ ላይ የማስቀምጠው ሳህን እንዳለ ይመለስልኛል። ሰው ሁሉ «ሐዘን ነው፣ ይለቃታል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሐዘንን አውቀዋለሁ፤ እኅቴን ቀብሬአለሁ። ያዘነ ሰው ያለቅሳል። አንቺ አታለቅሺም ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው የመብራት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያየሁት። ለሴቶች ነፃ የልብስ ስፌት ሥልጠና፣ ለወጣቶች ነፃ የምክር አገልግሎት ይላል። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ነፃ የሚል ቃል ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማን ነው ዝም ብሎ የሚሰጠኝ? ምኔን ሊወስድብኝ? ላንቺ ሳልነግርሽ ብቻዬን ሄድኩ። በዚያ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ረጅም አዳራሽ ውስጥ የስፌት መኪናዎቹ በሁለት መስመር ተደርድረው ይንጫጫሉ። መምህርቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች።

«በነፃ ለምን?» አልኳት፣ ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ።

«ሴት ሁሉ ሙያ ቢኖራት የሚጠላ ማን ነው?»

«የሚጠላውን አልጠየቅኩሽም። የሚከፍለውን ነው የጠየቅኩሽ።»

ሳቀችና የሚረዳቸው ድርጅት እንዳለ ነገረችኝ። ድርጅት ስትል ይባስ ጠረጠርኩ። በሩ ከውጭ ይቆለፍ እንደሆነ አየሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ ዘጋሁ፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር ፈተሽኩ። የማማርረው ነገር ሳጣ ሁለታችንንም አስመዘገብኩ። አንቺን ለሥልጠናው፣ ራሴን ለጥበቃ።

ፍተሻ የሚለውን ስም ያወጣችልኝ ረጅሟ ሠልጣኝ ናት። አንድ ጠዋት ከመቀመጤ በፊት የመኪናዬን ጠረጴዛ ከሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ «እትዬ፣ ፍተሻውን ሲጨርሱ እኛም እንግባ?» አለች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርስሽን አየሁ። ስሙን የተቀበልኩት በዚያ ምክንያት ነው፤ ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ ጉዱ ይታይ ነበር።

መቀስ የታደልንበትን ቀን ታስታውሻለሽ። መምህርቷ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰጠችንና ሕጉን ነገረችን። በጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቆረጥም፣ ይዶለዱማል። የጨርቅ መቀስ አይዋሱትም፣ የሌላ ሰው እጅ ያበላሸዋል። «የጥርስ ብሩሽ ትዋዋሳላችሁ?» አለችን። እንዳይቀያየር እያንዳንዳችን መያዣው ላይ የየራሳችንን ቁራጭ ጨርቅ እንድናስር አዘዘችን። እኔ የሽንኩርት ከረጢት ገመድ አሰርኩ። አንቺ ከኪስሽ አረንጓዴ ጨርቅ አወጣሽ፤ ከናትሽ የቤት ቀሚስ ጠርዝ የቀደድሽውን። በጥርስሽ ስበሽ አጠበቅሽው። ከየት አመጣሽው ብዬ አልጠየቅኩም። እኔም እኮ አንዳንዴ ዝም እላለሁ።

አሁን ወደ ሲስተር ልምጣ። ምክሩን የምትሰጠው እሷ ናት፤ ጨርቅ መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ወንበር አስገብታ ወጣቶቹን አንድ በአንድ ስታነጋግር እኔ ልብስ መተኮስ እንደምወድ ድንገት ትዝ አለኝ። የመተኮሻው ጠረጴዛ ከመጋዘኑ በር አጠገብ ነበርና። አንድ ሸሚዝ ደጋግሜ ስተኩስ ዋልኩ፤ ሲስተር ወጣች፣ ሸሚዙን አየች፣ እኔን አየች። በማግስቱ ስመጣ ጠረጴዛው የአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ለምኛታለሁ፣ ሚጣዬ። ተቆጥቻታለሁ። «ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ምን እንደምትልሽ የማወቅ መብት አለኝ» ብያታለሁ። «እሷ ራሷ ትንገርዎ። ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው ብዬ ካመንኩ ግን አንድ ደቂቃ አልደብቅዎትም፤ ይህንን እሷም ታውቃለች» አለችኝ። ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። ሰው እንዲህ ድርቅ ሲል ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ለመምህርቷ ከስሻታለሁ። ሲስተርን የምትጠረጥሪያት ከሆነ እንግዲህ ከኔ በላይ የጠረጠራት ሰው የለም፤ ምንም አላገኘሁባትም።

አንድ ጊዜ እናቶችንና አክስቶችን ሰብስባ አነጋግራን ነበር። «ልጃችሁ ራሷን ልትጎዳ ትችላለች ብላችሁ ከሰጋችሁ በቀጥታ ጠይቋት። አትሸፋፍኑት፣ በስሙ ጥሩት» አለች። እኔ መቼም ዝም አልልም፣ እጄን አወጣሁ። «ልጅን እንዲህ ብሎ መጠየቅ መንገዱን ማሳየት አይሆንም ወይ?» አልኳት። «መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። መንገዱን ከያዘችው ደግሞ ብቻዋን እንዳትሄድበት ነው የምትጠይቋት» አለች። ከንፈሬን ነከስኩ። ከመጽሐፍ የተገኘ ነገር ነው፣ እኔ ቤት አይሠራም አልኩ በሆዴ።

ከዚያ አንቺ ተሻለሽ። መጋረጃውን ከፈትሽው። አልጋ ልብሱን አጠብሽ። ያልጨረስሻቸውን እጅጌዎች በሙሉ ገጣጥመሽ፣ ዘምዝመሽ፣ አጣጥፈሽ ለመምህርቷ አስረከብሽ። መምህርቷ ሥራሽን ለሁሉም አሳየች። አንድ ምሽት ግንባሬን ሳምሽና «አክስቴ፣ ብዙ አስቸገርኩሽ» አልሽኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። እኔ ግን አልጣመኝም። የተጣላ ሰው ቀስ በቀስ ነው የሚታረቀው፤ አንቺ በአንድ ጊዜ ከሁሉም ጋር ታረቅሽ። ለመምህርቷ ብነግራት «በሯን ስትዘጋ ትጠረጥሪያለሽ፣ ስትስቅ ትጠረጥሪያለሽ፤ ልጅቷ ምን ትሁንልሽ?» አለችኝ። አፈርኩና ተውኩት። አንቺን ግን አልጠየቅኩሽም፤ መልስሽን ፈርቼ ነው መሰለኝ።

ያን ቀን ራሴን አሞኛል ብለሽ ቤት ቀረሽ። እኔ ሄጄ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ረጅሟ ኮሌታ ትቆርጣለች። መቀሱ ከፍ ዝቅ ሲል አረንጓዴ ጨርቅ ይወዛወዛል።

«ያ መቀስ የማን ነው?» አልኳት።

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

«የልጄ ነው። ልጄ ስትታመም እቃዋን ትሰርቂያለሽ?»

አዳራሹ ሰማ። ረጅሟ እንደምታውቂያት ለቀልድ አትሰንፍም፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለደችም። መቀሱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አልሰረቅኩም፣ እትዬ። ትናንት ወደ ቤት ስንሄድ ራሷ ሰጠችኝ። እምቢ ብላት በግድ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም አለችኝ። ሥራ የምትለውጥ መስሎኝ ነበር።»

መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። የናትሽን ቀሚስ፣ ሚጣዬ። መቀሱንስ ሰጠሽ ይባል፤ ጨርቁን ግን ሳትፈቺው ሰጠሽ። መጥፎ ነገር ስጠረጥር ኖሬ እንደዚያ ቀን ልሳሳት ተመኝቼ አላውቅም። ሲስተር ድምፁን ሰምታ ከመጋዘኑ ወጣች፤ ነገሩን ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «አሁን ቤት ማን አለ?» ማንም አልነበረም። ሽርጤን ሳልፈታ ሮጥኩ፤ እሷም ከኋላዬ። የምታውቀው እኔ ከማውቀው አይበልጥም ነበር፤ ሁለታችንም የያዝነው ያን መቀስ ብቻ ነው።

ቀሪውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን በኔ በኩል እንዴት እንደነበር አታውቂም። በሩን ስትከፍቺልኝ ጸጉርሽን አበጥረሻል፣ ጥሩ ቀሚስሽን ለብሰሻል፣ አልጋው ተነጥፏል። «ምነው በጊዜ መጣሽ?» አልሽኝ። ልሸፋፍነው ፈልጌ ነበር። ራስ ምታቱ ተሻለሽ ወይ ልልሽ ነበር። ከዚያ እንደ ሲስተር አነጋገር፣ በስሙ ጠርቼ ጠየቅኩሽ። «ሚጣ፣ ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?»

ትቆጪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። «አዎ» አልሽኝ፣ ቀስ ብለሽ። ከዚያ ደረቴ ላይ ተደፍተሽ አለቀስሽ፤ እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ያላለቀስሽውን ሁሉ። ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት። ሽርጤ ላይ የሰካሁት መርፌ ግንባርሽን ጭሮሽ ኖሯል። ሲስተር ደርሳ ሦስታችንም ሆስፒታል ስንሄድ ነርሷ «ግንባርሽን ምን ነካሽ?» ብትልሽ «አክስቴ» አልሻት። እኔም ሳቄ መጣ፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ።

እንግዲህ ያወቅኩት በዚህ ነው። ቦርሳሽን አልነካሁም። ሲስተር ምስጢርሽን አላወጣችም። ያጋለጠሽ የናትሽ ቀሚስ ጠርዝ ነው፤ ቅር ካለሽ እሷን ተቆጫት። ቅዳሜ ስትመጪ በኔ ብትናደጂ ችግር የለውም፣ ለምጄዋለሁ። ሲስተርን ግን በማታውቀው ነገር አትቅጫት፤ ታስፈልግሻለች።

አልጠረጥርም ብዬ ቃል አልገባልሽም። ብገባም ውሸት ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነገር ነው። በር ላይ ጆሮዬን አልደግንም። ሸሚዝ ደጋግሜ አልተኩስም። የሰጋሁ ቀን ፊት ለፊት መጥቼ በስሙ ጠርቼ እጠይቅሻለሁ፣ አንቺም እውነቱን ትነግሪኛለሽ። መልሱ አዎ ከሆነ አብረን ወደ ሲስተር ወይም ወደዚያ ሰዓቱን ወደሚያይ ዶክተር እንሄዳለን። አይ ከሆነ ሻያችንን እንጠጣለን። አንቺም ብትፈልጊ እኔን ጠይቂኝ። እኅቴ ካረፈች ወዲህ እንዴት ነሽ ብሎ መልሴን የጠበቀ ሰው የለም።

መቀስሽን ረጅሟ በማግስቱ መልሳዋለች። ይቅርታ ልላት ስሄድ «ሌባዋን ሊይዙ መጡ?» አለችኝ፤ ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። ሴቶቹ መቀሱን ከሷ ደብቂው፣ ቆልፊበት ይሉኛል። ሲስተርን ብጠይቃት «እኔን ከሚጠይቁኝ እሷን ይጠይቋት» አለችኝ። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። ወደ እጅሽ ይመለስ ወይስ ለጊዜው እኔ ልያዝልሽ? ያልሽውን አደርጋለሁ። እስከዚያ አዳራሹ ውስጥ፣ ከመኪናሽ በላይ ያለው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ከነጨርቁ። ማንም ወረቀት አልቆረጠበትም።

በየቀኑ አየዋለሁ።

አክስትሽ፣
ፍተሻ