መቆም የነበረብን ቦታ

ሐሙስ፣ ኅዳር 19
ከእህቴ ቤት

ለውድ ባለቤቴ፣

ሰላምታ ማርዘም እንደማልወድ ታውቂያለሽ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልጃችንም አካሉ ደህና ነው። በስልክ "የእህቴ ጉዳይ ስላላለቀ ትንሽ ቆየን" ያልኩሽ ውሸት ነው። እውነቱን በስልክ ብነግርሽ ጩኸትሽን እሰማለሁ፤ ጩኸትሽን ከሰማሁ ደግሞ ማሰብ ያቅተኛል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ሱቁን ዝጊና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ልጃችን ታስሯል። በእህቴ መኪና አንድ ሽማግሌ ገጭቶ፣ ሽማግሌው ሞተዋል።

አሁን ትንፋሽሽን ሰብስቢና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ማታ ማታ ማስታወሻ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። እዚህ ባሕር ማዶ የጻፍኳቸው የመጀመሪያው ሳምንት ገጾች በሙሉ ስለ መኪና ናቸው። "አንተ መንግሥተ ሰማያት ብትገባ እንኳ መጀመሪያ የምታየው የሠረገላውን ጎማ ነው" ትይኝ የለ? እንደዚያው ሆነ። በመጀመሪያው ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል፤ ግን ድምፅ የለም። አንድም ክላክስ አይሰማም። ከተማው በሙሉ ለቅሶ የተቀመጠ መሰለኝ።

"ክላክስ እዚህ ስድብ ነው፣ ጋሼ" አለችኝ እህቴ።

"እኛ ጋ እኮ ሰላምታ ነው።"

"እዚህ ‘ዓይንህ ይጥፋ' እንደማለት ነው።"

ሻሲው ሳቀ። (ልጃችንን የጋራዥ ልጆች ባወጡለት ስም እኔም መጥራት ጀምሬያለሁ፤ ትከሻው እውነትም እንደ መኪና አጽም፣ ሻሲ ነው።) "እንግዲያውስ እኔ በቀን ስንት ሰው ስሰድብ ኖሬያለሁ!" አለ።

ከዚያ ደግሞ የዜብራው ነገር አለ። መንገድ ዳር ቆመን መኪናው እስኪያልፍ ስንጠብቅ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ፊታችን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ ሊጣላን የቆመ መስሎኝ ወደኋላ አልኩ። እሱ በእጁ ምልክት ያሳያል፣ እኛ እናየዋለን። "አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም" እንደሚባባሉ አማቾች ተፋጠጥን። በመጨረሻ ልጅህ "አባዬ፣ እለፉ ነው የሚለን" ብሎ ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። ልጅሽ ማለቴ ነው፤ ሳልተኛ ስለምጽፍ እጄ ይሳሳታል። የዚያን ማታ በማስታወሻዬ ላይ "እኛ ጋ ቀለም የሆነው ነገር እዚህ ግድግዳ ነው" ብዬ ጽፌያለሁ።

የተጣሉ መኪኖች የሚከማቹበት ግቢም ሄደን ነበር። በሯ ብቻ የተጣመመች መኪና፣ ሞተሯ ገና እንደ ጎረምሳ የሚሮጥ፣ እንደ ቆሻሻ ተደርባ ተቀምጣለች። መለዋወጫ ነጋዴ ነኝና ዕቃዋን አንድ በአንድ በልቤ ተመንኩ። እህቴ ራሷ የመኪናዋ ኮፈን በምን እንደሚከፈት አታውቅም።

"ለምን ብዬ እከፍተዋለሁ?" አለችኝ።

"የልጅሽን ጉሮሮ ከፍተሽ አይተሽ አታውቂም?"

"ለእሱ ሐኪም አለ።"

እዚህ ሰውና መኪናው እንዲህ ናቸው፤ ተከባብረው ይኖራሉ እንጂ አይተዋወቁም። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ለወሬ አይደለም። ልዩነቱን አይቻለሁ፤ አውቄዋለሁ ብዬም ተማምኜ ነበር። አንዱን ብቻ አላየሁም። እሱን ደግሞ ሰው የሚያየው ሲደርስበት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ የመኪናዋን ቁልፍ ለልጃችን ሰጥታ ለራት የሚሆን ነገር ገዝተን እንድንመጣ ላከችን። ስንመለስ ዝናብ ይጥል ነበር። ልጁ በዝግታ ነበር የሚነዳው፤ ይህን በመሐላም እናገራለሁ። ከፌስታሉ ሽንኩርቱ ወጥቶ እግሬ ስር ተበታተነ። ጎንበስ ብዬ ስለቅም ድምፁን ሰማሁ። ቀና ስል መኪናው ቆሟል፤ ሽማግሌው ነጩ መስመር ላይ ወድቀዋል። ልጁ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አውጥቷል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሰዎች እየጮኹ ወደ እኛ ሲሮጡ አየ። እግሩን መለሰ።

"ንዳ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ወንድምሽን ላነሳብሽ አልፈልግም፤ ሳላነሳው ግን አይሆንልኝም። እሱ ቆሟል። የገጫትን ልጅ ሊያነሳ ወርዷል። ልጅቷ በጭረት ተረፈች፤ እሱ ግን ያን ቀን ከተሰበሰበው ሰው እጅ የወጣው አንድ ዓይኑን አጥቶ፣ እግሩ ተሰብሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የታወቀ ሕግ ነው፦ ሰው ከገጨህ አትውረድ፣ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ እጅህን ስጥ። እኛ ጋ ይህን ማንም ሽሽት አይለውም። የትራፊክ ፖሊሱ ራሱ የሚመክረው ነው።

ስለዚህ ጣቢያ ፍለጋ ሄድን። እኛ ጋ ጣቢያ የት እንዳለ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ በሩ ላይ ዘብ ቆሞ ታያለሽ። እዚህ ግን እንደ ክሊኒክ ያለ የመስታወት ቤት ነው፤ ለካ በደጁ ደጋግመን አልፈናል። እህቴ ስልኳን አላነሳችም። ልጁ ወርዶ አንድ መንገደኛ ሊጠይቅ ፈለገና ቋንቋው ስለሌለው ሁለት እጁን አንጓው ላይ አጣምሮ ካቴና አሳየው። ሰውየው ሮጠ። ስናገኘው ደግሞ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ደወል ብቻ አለ። ደወልን። ከግድግዳው ውስጥ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ አናገረችን። ያን ጊዜ ሁለት የፖሊስ መኪኖች ከኋላችን መጥተው ቆሙ። ደወላችንን ሰምተው አልነበረም። ሲያሳድዱን ቆይተው ነው። "እጃችንን ልንሰጥ ነው የመጣነው" ብንል ማን ይስማን? በፊት መከላከያው፣ በፓራውልቱ ላይ ደም አለ።

የያዝነው ጠበቃ ወጣት ነው፤ ቃል አያባክንም፤ ወድጄዋለሁ። እህቴ እያስተረጎመች እንዲህ አለኝ፦ "መግጨቱ ለብቻው ቢሆን ቀላል ነበር። ዝናብ ነው፣ ሽማግሌው ጥቁር ለብሰው ነበር፣ ልጁም በፍጥነት አልነዳም። የገደለን ጥሎ መሄዱ ነው። እዚህ አገር ከመግጨት ይልቅ ጥሎ መሄድ ነው ሰው የሚጠላው።"

"ሸሽቶ ሳይሆን ወደ ሕግ ሄዶ ነው።"

"እሱን ዳኛው ፊት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የመንገዱ ካሜራ የሚያሳየው ግን ሲሄድ ነው።"

የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ የሟቹን ልጅ አገኘናት። ሴት ናት፣ በአንቺ ዕድሜ። ትጮህብናለች ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። አጠገቤ መጥታ በቀስታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ወደ እህቴ ዞርኩ።

"‘ለምን ጥላችሁት ሄዳችሁ?' ነው የምትለው" አለችኝ።

ለምን ገጫችሁት አላለችም። ስለሚሮጡት ሰዎች ነገርኳት፤ ስለ ወንድምሽም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ "የሮጡት ሰዎች እኮ ኮታቸውን ሊያለብሱት ነበር" አለች። አባቷ እስከ ሆስፒታል በነፍስ ነበሩ፤ ኮቱን የደረበላቸው ሰው አብሯቸው ሄዷል።

ልጁን በትናንትናው ዕለት አየሁት። መሃላችን መስታወት ነው። ከስቷል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ እቤት አቁሞት ስለመጣው የጭነት መኪናው ነው፤ "የኋላውን ፍሬን ሸራ ሳልቀይር ነው የመጣሁት፤ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው" አለኝ። ቀጥሎ፣ "አባዬ፣ ቲኬትህ ቅዳሜ ነው። ሂድ። እማዬ ብቻዋን ናት" አለ።

"አንተስ?"

"እኔማ ያደረግኩትን አደረግኩ።"

ለመርማሪዋ የሰጠውን ቃል ጠበቃው አንብቦልኛል። "ማንም አላዘዘኝም። እንዲህ አድርግ ተብዬ ነው ያደግኩት" ብሏል። ማን እንዲህ አድርግ እንዳለው ሲጠይቁት ዝም አለ። ታውቂዋለሽ፤ ዝም ካለ በሬ አይጎትተውም።

ጠበቃው እንደሚለው፣ አጠገቡ የተቀመጠ አባቱ አዞት ከሆነ ዳኛው ጉዳዩን በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል፤ የልጁ ፍርድ ይቀላል። ያዘዘው ሰው ግን ራሱ ይጠየቃል፤ ምናልባትም ይታሰራል። "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ፤ እያየኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ መለስኩለት። እኔ የማገኘውን አግኝቻለሁ፤ ያየሁትንም አይቻለሁ። ልጃችን ገና ጎጆ አልወጣም። ሸክም ደግሞ ለሁለት ሲሆን ወገብ አይሰብርም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ከጠበቃው ጋር ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። የቅዳሜው አውሮፕላን ያለ እኔ ይሄዳል።

አሁን የሥራውን ነገር ስሚኝ። የመጋዘኑን ቁልፍ ከእጅሽ አታውጪ፤ መጋዘን ጠባቂው ታማኝ ነው፣ ታማኝ ሆኖ እንዲቆይ ግን ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን። የፍሬን ዕቃ ኮፒ አታስገቢ፤ ማንም ቢያባብልሽ፣ ደንበኛ ቢሄድብሽም። የጭነት መኪናውን ቆሞ ቢበሰብስም አትሽጪ፤ ልጁ ሲመለስ የሚይዘው መሪ ይፈልጋል። ለሚጠይቅሽ ሰው እውነቱን ንገሪው፤ ሐሜት የሚያድገው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው። ወንድምሽ ግን ይህን ደብዳቤ እንዳያነበው። በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ያችን የቀረችውን ዓይኑን በለቅሶ ያጠፋታል።

የመጨረሻውን ነገር ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ። ያን ምክር ለልጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወንድምሽ ከሆስፒታል የወጣ ቀን፣ ልጁ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲዘጋጅ፣ ሳሎን አስቀምጬ፣ ሁለት እጁን ይዤ፣ እያስማልኩ የነገርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ጓዳ ስለነበርሽ አልሰማሽም። ምናልባት እጁን ይዘሽ ያስማልሽው አንቺ መስሎሽ ሌላ ዓይነት ትዝታ ይመጣብሽ ይሆናል፤ ሰው ሲያዝን ትዝታው ይደባለቅበታል። አትቀበዪው። ልጁ ራሱ አንድ ቀን ሌላ ነገር ቢነግርሽ እሱንም አትቀበዪው። ነገ በፊርማዬ የማጸናው ይህንኑ ነው፤ የተፈረመ ነገር ደግሞ እውነት ነው።

ያስቀረሁትን ሰላምታ አሁን ልጨርሰው። ደጅሽን ክፉ አይርገጠው፣ እጅሽ አይጠር፣ ጎረቤት አይራቅሽ። ፈጣሪ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይስጥሽ፤ ከሁሉ በፊት የምለምንልሽ እሱን ነው።

የልጅሽ አባት