ቁጥሬን የጠራሁ ዕለት

ውድ አምሳለ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ደህና እንደማትሆኚ ስለማውቅ አፈርኩ። ያልደወልኩልሽ ስልክሽን ባልሽ አስረስ እንደሚያነሳው ራስሽ ስለነገርሽኝ ነው። ደብዳቤውን ጎረቤቴ ጸሐይወርቅ በእጇ ትሰጥሻለች። ለእናቷ ተዝካር ደብረ ማርቆስ መምጣቷ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ደክሞኛል እህቴ። እንቅልፍ አጥቼ አይደለም፣ እተኛለሁ። ሲያስረዱኝ መስማት ነው የሰለቸኝ።

ላፍቶ አብረን የተከራየናት ክፍል አሁን የለችም፣ ፎቅ ተሠርቶባታል። እዚያች ክፍል ውስጥ ሄርሜላን ወልደሽ፣ ለእኔና ለባሌ ለሙሴ ሰጥተሽን ወደ አገርሽ ስትመለሺ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «ከእናንተና ከእግዚአብሔር ሌላ ማንም እንዳይሰማ» ነበር ያልሽው። አሥራ ስድስት ዓመት ጠበቅኩት። ሙሴ እንኳ ያ ሁሉ ቁጡነቱ እያለ አንድ ቀን ከአፉ አላመለጠውም።

እዚህ ለቡ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ሳጥን ነበራት። ችግርሽን ጽፈሽ ትከቻለሽ፣ ሽማግሌዎቹ ይጸልዩበታል፣ ከዚያ ወረቀቱ ይቃጠላል። በኋላ አንድ ሰው ወረቀቱን እያነበበ ወሬ ያወጣል ተባለና ጭቅጭቅ ተነሳ። ያኔ ከመዘምራኑ አንዱ፣ አዶኒያስ የሚባል ኮምፒውተር የተማረ ልጅ፣ መላ አለኝ ብሎ ብሎክቼይን የሚሉትን አመጣልን።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው» አለኝ። «ጸሎቱ እኛ ጋ ብቻ አይቀመጥም፣ በየአገሩ ባሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ማንም አይቀይረውም፣ ማንም አያጠፋውም። ሰው ሁሉ አንብቦ ይጸልይልዎታል፣ የማን እንደሆነ ግን አንድም የሚያውቅ የለም።»

ደስ አለኝ። ሰው ስሙ ካልተጠራ ልቡን ያወጣል። እኔም በስልኬ ዘረገፍኩት፤ የቤት ኪራዩን፣ ከአማቴ ጋር መኳረፌን፣ የሙሴን የኩላሊት ጠጠር። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ልጄ ከእኔ እንዳልተወለደች የምነግርበትን ድፍረት ስጠኝ። ደብረ ማርቆስ ያለችውን እናቷን አምሳለንም በትዳሯ ጠብቃት።» «ስሜን ለምን ጻፍሽው?» ትይኛለሽ። ለሰው መች ጻፍኩት? ለጌታ እኮ ነው። ስም ሳልጠራ ስጸልይ ልቤ እንደማያርፍ ታውቂኛለሽ።

ከዚያ ሙሴ ያለ ቀዶ ሕክምና ጠጠሩ ወጣለት። እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ መሰከርኩ። ደስታ አሳበደኝና «ለዚህ ቁጥር የጸለያችሁ ሁሉ፣ ያቺ እኔ ነኝ! ጌታ ሰምቷችኋል!» ብዬ ቁጥሬን ከስልኬ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጉባኤው እልል አለ። እኔም አብሬ እልል! ወይ ጉዴ!

ለካ ቁጥሬ ለሁሉም ጸሎት ያው አንድ ነው። እሱን ያስገባ ሰው እስከዛሬ የጻፍኩትን በሙሉ በተርታ ያገኘዋል። ገና ከአዳራሹ ሳልወጣ አንዳንዱ ስልኩን ይነካካ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሌላ ምን እንጸልይላት ብለው ነው። ሄርሜላ ከጓደኞቿ ጋር እንደቆመች አየችው።

ቤት ስንደርስ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። እናቴ ማናት ብላ አልጠየቀችኝም። «እማ፣ እኔ ሳልሰማ እንዴት ሰው ሁሉ ሰማ?» ነው ያለችኝ። እኔ አለቀስኩ፣ ሙሴ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም።

በማግስቱ አዶኒያስ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «አጥፋው» አልኩት። «አይጠፋም እትዬ» አለኝ። ከቤተ ክርስቲያኗ ገጽ ላይ እንዳይታይ አድርጎታል፣ ሰንሰለት ከሚሉት ከብሎክቼይኑ ግን ማንሳት አይችልም። ለካ ጽሑፉን ሊሰረዝ በሚችል ቦታ አስቀምጦ፣ ሰንሰለቱ ላይ ምልክት ብቻ ማኖር ነበረበት። ለእያንዳንዱ ጸሎትም የተለያየ ቁጥር መስጠት ነበረበት። «አላሰብኩትም» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ነገር እንዳይጠፋ ሲጨነቅ፣ መጥፋት ያለበት ነገር እንዳለ ረሳው። አሁን ሳጥኑ ተመልሷል። እሱ ግን በየሳምንቱ እየመጣ አዲስ መላ ያስረዳኛል። ያሳዝነኛል፣ ሻይ አጠጥቼ እሸኘዋለሁ።

እና እህቴ፣ ስምሽና ከተማሽ እዚያ ተጽፎ ይኖራል። የፈለገ ያገኘዋል። አስረስ ከሌላ ሰው ሳይሰማ አንቺው ንገሪው ልልሽ ነው የጻፍኩት። ይረዳሽ እንደሆነ፣ ያስወጣሽ እንደሆነ አላውቅም። ነገሩ ከከፋ ወደ እኔ ነይ፣ አልጋ አለ። ልትቆጪኝ ከፈለግሽም መጥተሽ ተቆጪኝ፣ እችለዋለሁ።

ሄርሜላ ደህና ናት። ስንት ሳምንት እማ ሳትለኝ ከርማ፣ ትናንት ወጥ ቤት ገብታ «እማ፣ ጨው የት ነው?» አለችኝ። ጨው እኔ ቤት ሁልጊዜም ምድጃው አጠገብ ነው። ተነስቼ አቀበልኳት።

ለአንቺ ልጽፍ መሆኑን ስነግራት ክፍሏ ገብታ ቆየችና አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋዋለች። ምን ብለሽ ጻፍሽላት ልላት ብዬ ከአፌ መለስኩት። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

አላነበብኩትም።

እህትሽ ዓለሚቱ
ለቡ