ስምህን ቁልፍ አድርጌው ነበር

ይድረስ ለአንዱዓለም፣ ለእኔው አንዱዬ፤

ለሰው ደብዳቤ ሲጻፍ በመጀመሪያ ጤናው ይጠየቃል። እኔም እንደ ልማዴ «እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ያለህበት ቦታ ጨጓራም ራስ ምታትም የለም ብለው ቄሶቹ ስለነገሩኝ እሱን አምኜ አለፍኩት። ከተለያየን ዛሬ ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን አገርህ ሞጣ ሄደን አውጥተናል፤ ወንድሞችህም እህትህም አላሳፈሩኝም።

እኛ ደህና ነን። ልጃችን ቃልኪዳን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ስትደውል ከእኔ አስቀድማ የምትጠይቀው ድመቷን ነው። ሱቁም እዚያው ቢቸና መናኸሪያው ፊት ለፊት አለ። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዛሬም ወረቀት ይበላል። አንተ አንዴ በመዳፍህ መታ ስታደርገው ይታዘዝ የነበረው፣ እኔን ሦስቴ ካላስለመነኝ አይሠራም። ወንበርህ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ወረቀት ከምሬበት ነበር። በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ቆመው ፎርም ሲሞሉ ሳይ አፈርኩና አነሳሁት። ያስተማርካቸው ልጆች ናቸው፣ ቅር የሚልህ አይመስለኝም።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። በሕይወት ሳለህ የደበቅኩህ አንድ ነገር አለ። የሱቁ ኢሜልም፣ ፌስቡኩም፣ ባንኩም፣ የተማሪዎች መመዝገቢያውም፣ ሁሉም የሚከፈቱት በአንድ ቃል ነበር። ቃሉም የአንተ የክርስትና ስም ነበር። በአንድ መስመር ሲጻፍ ቀላል ይመስላል እንጂ ስንት ዓመት ደብቄሃለሁ።

መቼም ታውቃለህ፣ በእኛ አገር የክርስትና ስም እንደ ዋዛ አይነገርም። ክፉ ሰው ከሰማው ይደግምበታል እየተባልን ነው ያደግነው። አንተም የተጋባን ሰሞን በጆሮዬ ነው የነገርከኝ። እናትህ፣ የነፍስ አባትህና እኔ ብቻ የምናውቀውን ስም ትቼ ከዚያ የበለጠ ምሥጢር ከየት ላምጣ? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ያንን ስም መጻፍ ደስ ይለኝ ነበር። አፍ አውጥቼ የማልነግርህን ፍቅር ለኮምፒውተሩ እነግረው ነበር።

አንተ ደግሞ ከደብረ ማርቆሱ የመምህራን ሥልጠና ከተመለስክ ወዲህ ዕረፍት ነሳኸኝ። የሰው ባል ከሥልጠና ሲመለስ አበልና ቦርሳ ይዞ ይመጣል፤ አንተ ስለ ፓስወርድ ስብከት ይዘህ መጣህ። ለሁሉም ነገር አንድ ፓስወርድ ያለው ሰው አንዱ ቤቱ ሲደፈር ሁሉም ይደፈርበታል አልከኝ። ፓስወርዶችን ሁሉ በአንድ ላይ ቆልፎ የሚይዝ፣ አዳዲሱንም ራሱ የሚፈጥር ፕሮግራም አለ፤ አንቺ የምታስታውሺው የእሱን መክፈቻ ብቻ ነው አልከኝ። የቢቸና ሰው ግማሹ በክርስትና ስሙ፣ ግማሹ በስልክ ቁጥሩ እንደሚቆልፍ ተማሪዎችህን ጠይቀህ ደርሰህበት ስትስቅ፣ እኔም አብሬህ ሳቅኩ። አሳሳቄ ይታወቅብኝ እንደሆነ እንጃ።

ፕሮግራሙን ስትመርጥ ያየሁብህን ጥንቃቄ ያህል፣ እኔን ስታጭ እንኳ የተጠነቀቅክ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ያለ ኢንተርኔት አልከፈት ሲል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሦስትና አራት ቀን የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ምን ይሠራልናል ብለህ ጣልከው። ሁለተኛው በውጭ አገር ካርድ በየዓመቱ ክፈሉ አለ፤ እሱንም ተውከው። ሦስተኛው በነጻ ነበር፤ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ቅጂው ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። የማትወዱኝ ቀን ያስቀመጣችሁትን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ የሚልም ነበር። ከወንበር ተነስቼ ትንሽ ከቆየሁ ራሱን ይቆልፋል። ደንበኛው ሁሉ በትከሻዬ ላይ አንገቱን ለሚያሰግግበት ሱቅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው ብለህ እሱን ጫንክልኝ።

እኔ ግን ቁልፉን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ከትቼ ሳጥኑ የተሰረቀ ዕለትስ ብዬ ተከራከርኩህ። ሳይሰለችህ አስረዳኸኝ። ሌባው ፋይሉን ቢወስደው እንኳ ዋናውን ቃል ካላወቀ አይከፍተውም፣ የእኛ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ አለ፤ ዋናውን ቃል ራስሽ ከረሳሽው ግን እኔም አልደርስልሽም አልክ። እሺ አልኩህ። የእኔን እሺ ታውቀዋለህ፣ ሁለት ዓመት እሺ ስል ቆየሁ።

አንዱን ነገር ብቻ በግድ አሸነፍከኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ብለህ ተረትክና፣ ደንበኛ ሳስተናግድ ኢሜሉን ከስልኬ ጋር አያያዝከው። ከዚያ ወዲያ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ከፓስወርዱ በኋላ የቁጥር መልእክት ስልኬ ላይ ይመጣል፤ ቁጥሩ ካልገባ አይከፈትም። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጣጣ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ተነጫነጭኩብህ።

ከዚያ ታመምክ። ባሕር ዳር ሆስፒታል በተኛህበት ስድስት ሳምንት እኔ ሱቁንና ልጅቷን ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር የምመጣው። በመካከሉ በስልክ ማውራት ስለሚያደክምህ፣ በቻልክበት ሰዓት ድምፅህን እየቀዳህ በኢሜል ትልክልኝ ነበር። ሃያ ሦስት ናቸው። አጠገብህ የተኙት የዳንግላ ሰውዬ እንዴት እንደሚያንኮራፉ፣ ቀለም አለቀ ብለሽ አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ካርትሪጁን አራግፊው፣ ቃልኪዳን ሒሳብ ላይ እንዳትዘናጋ... ሌላ ትልቅ ነገር የለበትም። ሰምቼ እዚያው ኢሜሉ ውስጥ ተውኳቸው፤ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

ሞጣ የቀበርንህ ዕለት ፍትሐት ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ እናትህ ዞሩ፤ እሳቸው ግን ልቅሶው አድክሟቸው መናገር አልቻሉም። ቄሱም ወደ እኔ መጡና የክርስትና ስሙ ማን ነው አሉኝ። ሐዘን አፌን የዘጋው መስሏት እህትህ ትከሻዬን ያዘችኝ። ሐዘን ብቻ አልነበረም አንዱዬ። ይቅር በለኝ፣ አንተን ልቀብር ቆሜ የኢሜሌ ፓስወርድ ትዝ አለኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን በሹክሹክታ ሊጸልዩልህ አይችሉ። ያንን ስም በድምፅ ማጉያ፣ ከሞጣና ከቢቸና በመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ፊት፣ ደጋግመው ጠሩት። ከዚያ አፈሩ ሲመለስ ሁሉም ነገር ከራሴ ወጣ።

በአርባህ ዕለት ሞጣ ድንኳኑ ውስጥ ሳለሁ፣ ኢንተርኔት የማታውቀው ያቺ አሮጌ ስልኬ ጮኸች። ሳያት የቁጥር መልእክት ናት። እኔ ምንም አልከፈትኩም። ትንሽ ቆይታ ደገመች፣ ሰለሰች። አንድ ሰው ስሙን በትክክል ጽፎ ሁለተኛው በር ላይ ቆሞ ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በቀብሩ ከነበሩት ይሁን፣ ሰው የነገረው ይሁን፣ ማንንም አልጠረጠርኩም፤ የከተማችን ሰው በምን እንደሚቆልፍ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ባንኩም ሱቁም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ድምፅህ ነው። ያ ሰው እንደምንም ገብቶ ያንን ቢያጠፋብኝ ካንተ ምን ይቀረኛል? እንግዳ ጥዬ መሄድ ነውር ስለሆነ ውዬ አድሬ፣ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ጉንደ ወይን ላይ ቁርስ ሲበላ እኔ መስኮቱን ይዤ በልቤ ስሰድበው ነበር፤ በኋላ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ቢቸና ስደርስ መብራት የለም። የሱቁ ደጃፍ ላይ በጥቁር ልብሴ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቶች ሐዘኑ የጠናብኝ መስሏቸው እየመጡ አብረውኝ ተቀመጡ። መብራት እየጠበቅኩ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ኢሜሉን ከፈትኩት። ሃያ ሦስቱም አሉ። አንዱን ነካሁት፤ ካርትሪጁን አራግፊው አልከኝ። ሳቅኩም አለቀስኩም። ከዚያ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ላይና ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኳቸው።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ያን ዕለት የጫንክልኝን ፕሮግራም፣ በኋላ ትቀይሪዋለሽ ብለህ በነገርከኝ ጊዜያዊ ቃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጄ ከፈትኩት። ባዶ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ሳትነግረኝ አሰናድተህልኝ ኖሯል። የሱቁን ኢሜል፣ ባንኩን፣ ሌላውንም አንድ በአንድ ስማቸውን ሞልተህ፣ የፓስወርዱን ቦታ ሁሉ ባዶ ትተህልኛል። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር፤ ብትገምትም ታገኘው ነበር። የእኔን ምሥጢር ለእኔ ተውክልኝ። የመጀመሪያው ማስታወሻ ቦታ ላይ «አትቸኩዪ፣ በቀን አንድ ይበቃል» የሚል አገኘሁ። አንዱዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቁምህ እንዲህ ብዬ ያላመሰገንኩህን ዛሬ አመሰግንሃለሁ።

በቀን አንድ ግን አላደረግኩም፤ በሁለት ቀን ጨረስኳቸው። ፕሮግራሙ ለየአንዳንዱ ትርጉም የሌለው ረጅም ነገር ፈጠረለት። ጊዜያዊውን ቃል ቀይሬ፣ ዋናውን እንዳስተማርከኝ፣ እርስ በርስ ከማይገናኙ ቃላት ረጅም አድርጌ ሠራሁት። ሳምንት ከወረቀት እያየሁ ተለማመድኩትና ወረቀቱን በፖስታ አሽጌ፣ ችግር ቢመጣ ቃልኪዳን የምታገኝበት ቦታ አስቀመጥኩ።

የደንበኞችን ፓስወርድ የምጽፍበትን ደብተር አቃጠልኩት። አሁን ሁሉም የራሱን ራሱ ይጽፋል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ልጃቸው ከቤይሩት የምትልከውን መልእክት ለማየት የሚመጡት እትየ ዘውዴ መጀመሪያ ቀን ተቆጡ፤ «ፊትሽን ምን አዞረሽ ልጄ፣ ተጣላን እንዴ?» አሉኝ። ነገሩ ሲገባቸው ግን ከእኔ ባሱ፤ ዛሬ ፊደሉን በአንድ ጣት እየፈለጉ ሲጽፉ ኪቦርዱን በነጠላቸው ይከልሉታል። ስምህም ወደ ቦታው ተመልሷል። በሙት ዓመትህ ቄሱ ሲጠሩት አልደነገጥኩም፤ ደስ ብሎኝ አሜን አልኩ።

ዋናውን ቃል ግን ላንተም አልነግርህም፤ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእኔም ቢሆን ያልከኝ ራስህ ነህ። የምትወጂው ሰው ስም አይግባበት ስላልክም ስምህ የለበትም። የልደትህ ቀን የለበትም፣ የተጋባንበት ቀን የለበትም፣ ሞጣም የለችበትም። ካንተ አንዲት ፊደል እንዳትገባበት ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ስጽፈው ግን፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የማስበው አንተን ነው። ጣቶቼ እስከታዘዙልኝ ድረስ እንዲሁ አስብሃለሁ።

ዘግይታም ቢሆን የሰማችህ ሚስትህ፣
ስንዱ