«የእህት ልጅ» ብዬ የፈረምኩበት ቅጽ

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡30

የሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ ላይ ነኝ። መስቀሉ ግማሽ ደርሷል። አከራዬ እትዬ ስንዱ እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገቡ። (ከዚህ በኋላ እ.ስ. ልበላቸው፣ እጄ ደክሟል።) ይቀመጡ ብል አልተቀመጡም። ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ። ልጃቸው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የኔ ክፍል መንገድ ዳር ስለሆነች ስልክ መጠገኛ ሊከፍትባት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቂ አሉኝ። ዓይኔን ሳያዩ።

እሺ አልኩ! አይ አፌ። እሺ ለማለት ማን ይቀድመኛል።

ማስታወሻዬ፣ ይቺ ክፍል እኮ መኝታዬ ብቻ አይደለችም። የስፌት መኪናዬ እዚሁ ነው። ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርድ ደንበኛ ሁሉ በሬን ያውቃል። ጓሮ ብገባ ማን ይፈልገኛል? በምን ልበላ ነው? መርፌው ሁለቴ ወጋኝ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ቀበሌ ሄድኩ። የኪራይ ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ አለ ብላ የነገረችኝ ቀሚስ የምሰፋላት አስተማሪ ናት። ቀበሌ የተመዘገበ ተከራይ በዋዛ አይወጣም፣ ሁለት ዓመት ይጠበቅለታል አለችኝ። ደስ ብሎኝ በረርኩ። ጸሐፊዋ መዝገብ ገልጣ ስሜን ፈለገች። አገኘችው። ተከራይ ከሚለው ዝርዝር ግን አይደለም።

ወይኔ ሞኟ! ረስቼው። አምና የቀበሌ ሰዎች ቤት ለቤት ተከራይ ሲመዘግቡ እ.ስ. የኪራይ ግብሩን ፈርተው የእህቴ ልጅ ነሽ በያቸው፣ ምን ይጎዳሻል አሉኝ። ምን ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ፈረምኩ። አሁን በመንግሥት ወረቀት ተከራይ አይደለሁም። ዘመድ ተጠግቼ የምኖር ነኝ። ዘመድ ደግሞ ውጪ ከተባለ ምን ብሎ ይከራከራል?

ዋሽቼ ነው ብል በሐሰት ፈርማለች ሊሉኝ ነው። ዝም ብል ደጅ ነኝ። ቅሬታዬን ግን አስመዘገብኩ፣ ቀጠሮ ማክሰኞ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ውሃ መጣ። እኔና እ.ስ. ጀሪካን ይዘን ቧንቧው ላይ። ደህና አደርሽ የለ፣ ደህና አደሩ የለ። በኋላ ምነው ሳትነግሪኝ ከሰስሽኝ አሉ። ምነው እርስዎስ ውጪ ሲሉኝ? አልኩ፣ በሆዴ። ጀሪካናቸውን ተሸክሜ አደረስኩላቸው። በራሴ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

እውነቱን ልጻፍ። ካቻምና እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ስታርፍ አብረውኝ አውቶብስ የተሳፈሩት እትዬ ስንዱ ናቸው። የአገሬ ሰው ይህቺ ሴት ማናት ሲል፣ እህቷ ነኝ ብለው አስከሬኑ አጠገብ ተቀመጡ። እናቴን በሕይወቷ አይተዋት አያውቁም። ዘመድ የለሽ እንዳልመስል ብለው ነው። ስለዚህ ያን ቅጽ ስፈርም ሙሉ ውሸት አልመሰለኝም ነበር።

ግን ለለቅሶ ዘመድ፣ ለቀበሌ ዘመድ፣ የልጃቸው ሱቅ ሲመጣ ተከራይ! እኮ ምናቸው ነኝ?

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ። 4፡00

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም አያ ይሏቸዋል። ቅጹን አነበቡ። መጀመሪያ እ.ስ.ን ጠየቁ። የእህቴ ልጅ ናት አሉ። ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም! ወደ እኔ ዞሩ። ዘመድ ከሆንሽ ጉዳዩ የኛ አይደለም፣ በሽማግሌ ጨርሱ። ተከራይ ከሆንሽ ግን ይህን የፈረመ ሰው ይጠየቅበታል አሉኝ። ቀን ይሰጠኝ ብዬ ለመንኩ። ነገ ሚካኤል ነው፣ ለሐሙስ አሉ።

ኅዳር 12። ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አረፈድኩ። ቅዳሴውን አልሰማሁትም። ከሰዓት፣ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፣ ጥልፉን ጨረስኩ። ሸጋ ሆኗል። ልቤ ግን የለም።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ። 6፡00

ተከራይ ነኝ አልኩ። ዘመዳቸው አይደለሁም፣ የፈረምኩት ውሸት ነው አልኩ። ሰብሳቢው እስክሪብቶ አንስተው ስሜን መጻፍ ጀመሩ።

እትዬ ስንዱ ተነሱ። «እሷን አትንኳት። ፈርሚ ያልኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ በኔ ስም ይጻፍ» አሉ። ድምፃቸው ልክ እናቴ ለቅሶ ላይ እህቷ ነኝ ሲሉ እንደነበረው።

ቅጣቱ በሳቸው ስም ተጻፈ። ለኔ ውል ወጣልኝ፤ ሁለት ዓመት። አከራይ፣ ተከራይ። ሁለታችንም ፈረምን። ረታሁ።

እሰይ ልበል? አልወጣልህ አለኝ። መንገድ ላይ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ባጃጅ ልጥራልዎት ብል አልፈልግም አሉ።

10፡00

ስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። ውሉ መሳቢያ ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ የእትዬ ስንዱ ነጠላ ጫማ ይሰማኛል። በሬ ጋ ሲደርስ ቆመ። አራት ዓመት ሙሉ በሬን አንኳኩተው አያውቁም።

ዛሬ አንኳኩ።

ይግቡ ልል አልኩና ተውኩት። ቆይ፣ ተነስቼ ልክፈት፣ ምናቸው ሆኜ ግን—