ሞላሌን አልፎ የሚመለሰው ናፍጣ

ሰኞ፣ የገብርኤል ዋዜማ

ጻፊ። ሰይድ ሌባ ነው።

ጻፊ አልኩሽ አስካለ፤ ምን ያስቅሻል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ አፌ አልተያዘም። አንቺ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማታ ማታ የተማርሽው ለዚህ ቀን ነው። እሑድ ሽማግሌዎች ፊት ስቆም ማንም ተነስቶ «ደምሴ ቃሉን አጣመመ» እንዳይለኝ የየዕለቱን አስጽፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንደራችን ወፍጮ የሚሠራው በናፍጣ ነው። ናፍጣውን የምንገዛው ከሞላሌው ነጋዴ ከሰይድ ነው። መሐል ሜዳ ግን በሊትር ከአንድ ብር በላይ ይረክሳል። ቦቴው ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ አስቀድሞ የሚያገኘው ሞላሌን ነው፤ መሐል ሜዳ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ መኪናው ቀድሞ የደረሰበት ከተማ በምን ሒሳብ ይወደዳል? ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ዛሬ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ እየሰማ ይህንኑ ነገርኩት።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይግቡና ሻይ እየጠጡ ላስረዳዎት» አለኝ።

«ሻይህን ከናፍጣው ጋር ደምረህ ልታስከፍለኝ ነው?» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ያናደደኝ ይሄ ነው።

«እንግዲያው ሌባ መሆኔን ያረጋግጡ» አለ። «ካረጋገጡ ለወፍጮው ሦስት ወር ሙሉ በመሐል ሜዳ ዋጋ እሸጣለሁ። ካላረጋገጡስ?»

ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያያል። «በቅሎዬን!» አልኩ። እንደ ድሮው ችሎት በቅሎዬን አስያዝኩ። ዋስ ተጠራ፣ ቀጠሮው ለእሑድ ሆነ።

ሚስቴ አስካለ መጻፍ አቆመች። ጻፊ እንጂ! አዎ፣ ሰጋሯን። ሌላ በቅሎ አለኝ እንዴ?

ማክሰኞ፣ ገብርኤል

ከቅዳሴ ስንወጣ እኩዮቼ ከበቡኝ። «የልባችንን ተናገርክልን» አሉኝ። ደረቴን ነፋሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። እስከ እሑድ ድረስ ከሰይድ አንዲት ጣሳ ናፍጣ እንዳይገዛ ተማማልን። ወፍጮው ግን ትናንት የመጨረሻዋን ጠጥቶ ቆሟል። ከነገ ጀምሮ ሴቶቹ ገብሳቸውን ወንዝ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ተሸክመው ሊሄዱ ነው።

ዘነቡ የምትባለው ጎረቤታችን መንገድ ላይ አቆመችኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ያስያዙት በቅሎ ነው አሉ።»

«አዎን።»

«እኔን ደግሞ ጀርባዬን አስያዙብኝ።»

ጋቢዬን አጣፍቼ መንገዴን ቀጠልኩ። 

ቤት ስገባ አስካለ ቀጠለችበት። «ቢረቱስ?» አለችኝ። አልረታም አልኳት። «የልቅሶ ቤት፣ የሠርግ ቤት በምን ሊሄዱ ነው?» አልረታም አልኳት። አንዱን ብቻ ጻፊው፣ ሁለቴ አይጻፍም ብላት ሁለቱንም ጻፈችው።

ረቡዕ፣ መሐል ሜዳ

ዛሬ የሚጽፉልኝ የእኅቴ ባል ቄስ ወርቁ ናቸው። ያረፍኩትም እነሱ ቤት ነው። የቄሱ ፊደል ከአስካለ ፊደል ያምራል፤ ግን የተናገርኩትን ማሳመር ይወዳሉ። አደራ፣ እንዳለ ይጻፉት ብያቸዋለሁ።

ማለዳ ተነስቼ ቀጥ ብዬ ማደያው ሄድኩ። የምትቀዳው ሴት ረዘም ያለች፣ እጇን ከወገቧ ላይ የማታነሳ ናት። ከነበቅሎዬ ስቆም «ለሷም ናፍጣ ይቀዳ?» አለችኝ። ወደድኳት።

ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ዋጋውን መንግሥት ነው የሚቆርጠው አለችኝ፤ ለየከተማው፣ እንደ መንገዱ ርቀት። ነዳጁ ከሚነሳበት የራቀው ይወደዳል፣ የቀረበው ይረክሳል።

«እኔስ ምን አልኩ!» ብዬ ጭኔን መታሁ። «ሞላሌ ይቀርባል። እስቲ የሞላሌን ዋጋ አንብቢልኝ።»

«ሞላሌ ወረቀቱ ላይ የለም፣ አባቴ።»

«እንዴት የለም? እኔ ሰኞ ዕለት እዚያ ነበርኩ፤ ከተማው እንዳለ ነው!»

በሳቅ ፈረሰች። ማደያ ለሌለው ከተማ ዋጋ አይቆረጥለትም፤ ሞላሌ ደግሞ ማደያ የለውም አለችኝ። ይሁን፣ ማደያ አይኑረው። ቦቴው በሞላሌ ሲያልፍ ቆም ብሎ ለሰይድ አንድ በርሜል እንዳያፈስለት ምን ይከለክለዋል? ሰይድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ በስውር ይቀዳና መሐል ሜዳ ድረስ ሄድኩ ብሎ ያስወድድብናል ብዬ ጠረጠርኩ። «ነገ ቦቴው ይመጣል፣ ሾፌሩን ይጠይቁት» አለችኝ።

ነገ ይያዛል። በቅሎዬ ዛሬ ገብስ ተጨምሮላታል።

ሐሙስ፣ ማርያም፣ መሐል ሜዳ

ተረታሁ።

ቄስ ወርቁ ቀና ብለው አዩኝ። ይጻፉት አልኳቸው።

ቦቴው አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሾፌሩ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚታገል ሳቂታ ሰው ነው። ለሰይድ መንገድ ላይ ትቀዳለህ ወይ ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። እጄን ይዞ ወደ ቦቴው ኋላ ወሰደኝና በሽቦ የታሰረች የእርሳስ ማኅተም አሳየኝ።

«ይቺ የምትቆረጠው እዚህ ነው፤ ቁጥሯ ታይቶ። መንገድ ላይ ብትቆረጥ እኔ ወህኒ ነኝ። ሰይድ ቀርቶ የገዛ ወንድሜ ተጠምቶ ቢለምነኝ ጠብታ አላፈስለትም» አለ።

«ወንድምህ ናፍጣ ይጠጣል?» አልኩት።

እንዲያም ሆኖ አላመንኩም። ቆሜ ጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ የሰይድን ሁለት ባዶ በርሜሎች የጫነ አይሱዙ ከሞላሌ መጣ። እኔም አጥር ተደግፌ፣ ጠጠር ለቅሜ፣ ያየሁትን ሁሉ በጠጠር ያዝኩ።

በርሜሎቹ ባዷቸውን ሲመጡ የጭነት ተከፍሎባቸዋል። ባዶ በርሜል! «ምን ይዛ ነው የምትከፍለው?» አልኩት ረዳቱን። «ቦታ ይዛ» አለኝ። አንድ ጠጠር።

ሞልተው ሲመለሱ ደግሞ ይከፈላል። ሌላ ጠጠር፣ ተለቅ ያለ።

የሚያንከባልሉት ሁለት ጎረምሶች እዚህም ይከፈላቸዋል፣ ሞላሌም ሌሎች ሁለት አሉ።

ሲቀዳ የፈሰሰው አለ። በፀሐይ የሚተነውም አለ አሉኝ፤ እሱን ጠጠር አላደረግሁትም፣ ስላላየሁት።

የማደያዋ ሴት ሒሳቡን ስትደምርልኝ ለሰይድ የተረፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ናፍጣው ታሽጎ በሰይድ ደጅ ያልፋል፣ መሐል ሜዳ ይደርሳል፣ ተከፍቶ በመጣበት መንገድ ወደ ሰይድ ደጅ ይመለሳል። ቅርብ የሆነው ሞላሌ ነው ብዬ ነበር። መንገዱ ነው እንጂ ቅርብ፣ ናፍጣውማ ሩቅ ነው የሚዞረው።

አንድ ነገር አሰብኩ። «ማርያም ስለሆነ ማደያው ዝግ ነበር» ብል ማን ያውቅብኛል? ይህንንም ይጻፉት። አስቤዋለሁና።

ዓርብ

ቤቴ ገባሁ። በቅሎዋ እንደ ዛሬ ሰግራ አታውቅም። ምነው ዛሬ እንኳ ብትሰንፍ ኖሮ! አንዲት ጠብታ ውኃ ከጽዋ ሳታፈስ ታደርሳለች፤ እንዲህ ያለች በቅሎ በአውራጃው የለችም።

ለአስካለ ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ሰኞ ዕለት ሻይ እየጠጡ ላስረዳዎት ብሎዎት አልነበር?»

«ብሎኝ ነበር።»

«ያቺን ሻይ ቢጠጧት ኖሮ በቅሎዎ ባልተጠጣች።»

እውነቷን ነው። ምላሷን ግን ትቀንስ።

ቅዳሜ፣ ጊዮርጊስ

በቅሎዋን ወንዝ ወርጄ አጠብኳት። ጋማዋን ከረከምኩ። ኮርቻው የኔ ነው፤ ያስያዝኩት በቅሎ እንጂ ኮርቻ አይደለም። አስካለን ይህን አስምሪበት ብያታለሁ።

ሰው እየመጣ «እንዴት ሆነ?» ይለኛል። ነገ ትሰማላችሁ እላለሁ። ዘነቡ ግን ሳትጠይቀኝ ፊቴን አይታ አወቀች። «አይዞዎት፣ እግርዎ ጠንካራ ነው» ብላኝ አለፈች።

እሑድ፣ ተክለ ሃይማኖት

ከሰንበቴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ሰይድ ቀድሞ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ያስጻፍኩትን አንዱ ዲያቆን አነበበው፤ «ሰይድ ሌባ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ተነሳሁ።

«ሰይድ ሌባ አይደለም። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ ተናገርኩ። ወፍጮውን ያስቆምኩትም እኔ ነኝ። ሴቶቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ወንዶቹን አልጠይቅም፣ ምክንያቱም ስሳሳት አጨብጭባችሁልኛል።»

ሳቅ ሆነ። የበቅሎዋን ልጓም ለሰይድ አቀበልኩት። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተነሱ። «ተው ሰይድ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መልስላቸው፣ ስለ እኛ ብለህ» እያሉ ይለምኑት ጀመር።

«ማን ለምኑልኝ አላችሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ተወራርጄ ተረታሁ። ምጽዋት አልወስድም!»

ሰይድ አየኝ።  ከዚያ ልጓሙን እጁ ላይ ጠቀለለው።

«ጋሽ ደምሴ አስይዘው የሚያስቀሩ ሰው አይደሉም» አለ። «ብመልስላቸው ስሜን እንዳጠፉት ስማቸውን ማጥፋቴ ነው። በቅሎዋ የኔ ናት።»

ይዟት ሄደ። ወንድ ነው! ኮርቻዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ። አስካለ እያለቀስኩ የምመጣ መስሏት ነበር።

ሰኞ

ወፍጮው ዛሬ ጧት ጮኸ። ሰልፉ እስከ ዋርካው ደርሷል። ዋጋው ያው ነው፤ ማንም ግን አላጉረመረመም፤ ለምን እንደሚወደድ የሚጠይቅ ሲመጣ እኔ ጠጠር ይዤ አስረዳለሁ።

መንደሩ ደግሞ ሌላ ሥራ ሰጠኝ። የማደያው ባለቤት ሞላሌ ላይ ቅርንጫፍ እንዲከፍት ሄጄ ላነጋግረው ነው። «አንተ ታውቅበታለህ» አሉኝ። አውቅበታለሁ። መሐል ሜዳ ድረስ በእግር ግን ጉልበቴ አይችልም። ስለዚህ በቅሎ ልከራይ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

«ከሞላሌ መሐል ሜዳ ይህን ያህል፣ ከመንደርዎ መሐል ሜዳ ግን ይህን ያህል» አለኝ።

«ምን? መንደሬ ከሞላሌ ይልቅ ለመሐል ሜዳ ይቀርባል እኮ! እንዴት ይወደዳል?»

«በቅሎዋ ከሞላሌ ባዶዋን መንደርዎ ድረስ መሄድ አለባት፤ ስትመለስም እንደዚያው።»

«ባዶ በቅሎ ምን ይዛ ነው የምትከፍለው?»

«እሱንማ ትናንት ሜዳ ላይ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን» አለ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተንከተከተ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ከፍ ይላል፣ እኔ ዝቅ እላለሁ፣ በቅሎዋ መካከላችን ቆማ ጭዷን ትበላለች። ሌባ ግን አላልኩትም።